ማን ቤት ነው የመጣነው?

የሠራነው ፊልም ከተጀመረ ገና 2 ደቂቃ አልሞላውም። እማማ ረከቦቱን ገፋ አድርገው ቴሌቪዥኑን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩና ወደኔ ዞሩ። "እሺ፣ ከተማውን አየነው። አሁን ማን ቤት ነው የመጣነው?" አሉኝ።

ሳቅን። ካሜራ የያዘልን ልጅማ ሳቁ አላቆም ብሎት በረንዳ ወጣ። እኔም እየሳቅኩ "ቆይ እማማ፣ ይመጣል" አልኳቸው። "እሺ ልጄ" ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ፊልሙ 22 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ቀና ብለው ያዩት ቢበዛ 5ቱን ነው። ሁለተኛውን ቀዱ። ከሰሉን አራገቡ። ውሃ ከጠፋ ስንት ቀኑ እንደሆነ ከእናቴ ጋር ተሳሰቡ። 14ኛው ደቂቃ ላይ፣ ሰው ሁሉ ክው ይላል ብዬ የጠበቅኩበት ቦታ፣ እማማ ፈንዲሻ እያዞሩ ነበር። "አንሱ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?"

እማማ ጎረቤታችን ናቸው። ፊልም አይገባቸውም እንዳልል የቱርክ ድራማ አንድ ክፍል አያመልጣቸውም። መብራት ከጠፋ ያመለጣቸውን ቤት ለቤት ዞረው ይጠይቃሉ። ማን ማንን እንደከዳ፣ የትኛው ልጅ የማን እንደሆነ በቃላቸው ነው። እኚህ ሴትዮ ናቸው እንግዲህ ሦስት ወር የደከምንበትን ፊልም ትተው ከሰል ያራገቡት።

ቀልድ መስሎን አለፍነው። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ግን ጥያቄያቸው ተመልሶ መጣ። ሴትዮዋ አልቀለዱም። እጁን ይዘው ሲጎትቱት የቆየ እንግዳ በመጨረሻ ቆም ብሎ የሚጠይቀውን ነው የጠየቁት።

ነገርን ከሥሩ

የኔ ፊልም እንዲህ ነበር የሚጀምረው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንጦጦ ወጣን። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ባለታክሲው "ጠብቀን" ስንለው ዋጋ ጨመረብን። ፀሐይ ስትወጣ ካሜራው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ከተማውን ይቃኛል። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ ፎቆቹ ከጭጋጉ ብቅ ይላሉ፣ ከሥር ዋሽንት አለ። 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ከዚያ የሞባይል ደወል ይጮኻል። ልጁ ይነሳል። ጥርሱን ይቦርሻል። እናቱ ቁርስ ታቀርባለች። "እንዴት አደርክ?" "እግዚአብሔር ይመስገን።"

አሁን ስጽፈው ራሴ አዛጋሁ።

ታሪኩ ግን ይሄ አልነበረም። ታሪኩ፣ ልጁ የእናቱን የአንገት ሐብል ከሳጥን ሰርቆ ሸጧል። ብሩን ለደላላ ሰጥቷል፤ ሊሰደድ ነው። እናት ምንም አታውቅም። እሁድ የእህቷ ልጅ ሰርግ ነው፣ ሐብሏን ልታደርግ ነው። ነገሩ ይሄው ነው። እኔ ግን ለተመልካቹ ይህን የነገርኩት 14ኛው ደቂቃ ላይ፣ እናት ሳጥኑን ስትከፍት ነው። ያስደነግጣል ብዬ ነዋ። እማማ ግን ያኔ ከፈንዲሻው ጋር ነበሩ።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ሲባል ነው ያደግኩት። ሥሩ ደግሞ ከተማው መሰለኝ። መጀመሪያ ከተማው፣ ቀጥሎ ሰፈሩ፣ ቀጥሎ ቤቱ፣ ቀጥሎ ልጁ፣ በመጨረሻ ችግሩ። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። ፊልም ሳይሆን የመታወቂያ ቅጽ ነበር የሞላሁት።

ሰው ወሬ ሲያወራ እንዲህ አያወራም። ራሳቸው እማማ በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ "አልሰማችሁም?" ነው የሚሉት። ከዚያ ዝም። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። እናቴ በእጇ የያዘችውን አስቀምጣ "ምኑን?" ትላለች። "ያቺን ልጅ እኮ መለሷት።" የቷን ልጅ? ማን መለሳት? ከየት? የልጅቷ ሰፈር፣ አባቷ ምን ይሠራ እንደነበር፣ አክስቷ ስንት ብር እንዳበደረቻት፣ ያ ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ያኔ ደግሞ ማንም አይሰለቸውም። እንዲያውም እማማ ረስተው የዘለሉትን እናቴ ታስታውሳቸዋለች።

እንቆቅልሽም ቢሆን ያው ነው። "እንቆቅልሽ?" ሲሉህ "ምን አውቅልሽ!" ካልክ ገብተሃል። ካላወቅከው አገር ትሰጣለህ። ልጆች ሳለን ጎንደርን ሰጥተን፣ ሐረርን ሰጥተን፣ በመጨረሻ መልሱ "ጥላ" ይሆንና ንድድ ይለናል። ግን አገር የሰጠ ሰው መልሱን ሳይሰማ አይተኛም። እኔ እማማን ምንም አላስያዝኳቸውም። አንድ ቀበሌ እንኳን አልተቀበልኳቸውም።

ባለቪዲዮ ቤቱ

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበረ። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ የተጋረደ፣ አግዳሚ የተደረደረበት። መግቢያው 1 ብር። ባለቤቱ ሁሌ ይቸኩላል። በቀን ብዙ ፊልም ካሳየ ብዙ ብር ነው። ስለዚህ ካሴቱን ይከትና የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ በሪሞት ያስሮጠዋል። "ይሄ ወሬ ነው" ይላል። የመጀመሪያው ቡጢ ሲሰነዘር ይለቀዋል።

እኛም ቡጢ ፈልገን ነው የገባነው። ነገር ግን አክተሩ ሲደባደብ ዝም ብለን እናያለን። አንዱ ከኋላ "ለምንድነው የሚመታው?" ይላል። ያኔ ፊልሙን አስቀድሞ ያየ አንድ ልጅ ነበረን። "ወንድሙን ገድሎበት ነው። ሲሞት እጁን ይዞት ነበር" ይለናል። ጩኸቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። "በለው!" "እንዳትለቀው!" ያው ቡጢ፣ ያው ሰውዬ። ያ ልጅ ኋላ ላይ በነፃ መግባት ጀመረ። ባለቤቱ ቆርጦ የጣለውን እሱ በአፉ እየሞላ።

ይሄ ነገር ትዝ የሚለኝ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የምናየውን አንዳንድ ፊልም ስከፍት ነው። ከመሃል አንድ ጥፊ፣ አንድ ለቅሶ፣ አንድ "ልጁ ያንተ አይደለም!" ተቆርጦ መጀመሪያው ላይ ይለጠፋል። ሰው እንዳይዘጋው ተብሎ። አይፈረድም፣ ጣት ፈጣን ነው። ግን ከ30 ሰከንድ በኋላ ያው ከተማ፣ ያው ደወል፣ ያው የጥርስ ቡሩሽ ይመጣል። ጥፊው ብድር ነበር። ማን ማንን እንደመታ ሳላውቅ ጥፊው ለኔ ምኔ ነው?

ዝም ብሎ መታየት ብቻውን የሚበቃበት ዘመን ነበረ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ፣ ግራንድ ካፌ ውስጥ ለከፋይ ተመልካች ያሳዩት 10 አጫጭር ፊልም ነው። እያንዳንዱ 50 ሰከንድ ገደማ። አንደኛው ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ ነው፣ በቃ። ምስል መንቀሳቀሱ ራሱ ጉድ ነበር። እኛም አገር ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረውን ሲኒማ ሕዝቡ "ሰይጣን ቤት" ያለው በከንቱ አይደለም። ግድግዳ ላይ ሰው ሲሄድ ያየ ሰው ምን ይበል? በዚያ ዘመን ቢሆን የኔ እንጦጦ አንደኛ ነበረች።

3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ

በዚያ ሳምንት የድሮ ፊልሞችን መጀመሪያ መጀመሪያቸውን ብቻ አይ ጀመር። አንዱ ላይ ቀረሁ። ኦርሰን ዌልስ በ1958 ያወጣው "ተች ኦፍ ኢቭል" ነው። (የፊልም ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

የቀረሁበት ምክንያት የኔን ስለሚመስል ነው። ካሜራው ከፍ ብሎ ከተማ ላይ ይንሳፈፋል። ሳይቆረጥ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ። ከኔ በ40 ሰከንድ ይበልጣል ማለት ነው። እንደኔው መብራት አለ፣ ጎዳና አለ፣ ሕዝብ አለ። አንዲት ልዩነት ብቻ ናት ያለችው። ካሜራው ከፍ ከማለቱ በፊት ሁለት እጆች ያሳየናል። እጆቹ ፈንጂ ይዘዋል። ሰዓቱን ይሞላሉ። ሰውዬው ሮጦ አንድ መኪና ኋላ ውስጥ ይከተዋል፣ ይሰወራል። ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት ሰዎች እየተሳሳቁ መጥተው መኪናዋ ውስጥ ይገባሉ። ትነሳለች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ በቅርብ ላሳይህ፣ ምክንያቱም ምንም አልሆነም። መኪናዋ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ትራፊክ ያስቆማታል። ጋሪ ያልፋል። የፍየል መንጋ መንገዱን ይዘጋል። ለዓመት በዓል ዋዜማ መንገድ ላይ የቆመ የአዲስ አበባ ሾፌር የሚያውቀው ዓይነት ፍየል። ሌሎች ባልና ሚስት በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ተዋንያኑ ቻርልተን ሄስተንና ጃኔት ሊ ናቸው። መኪናዋ አንዴ ትቀድማቸዋለች፣ አንዴ አጠገባቸው ትቆማለች። እነሱ ያወራሉ። ድንበር ነው፣ ሜክሲኮንና አሜሪካን የሚለየው ኬላ። ጠባቂው ወረቀት ይጠይቃል። መኪናዋ ውስጥ ያለችው ሴት ጭንቅላቷ ውስጥ የሰዓት ድምፅ እንደሚሰማት ለጠባቂው ትነግረዋለች። ማንም አይሰማትም።

ይህን ሳይ ከወንበሬ ተነስቼ ነበር። "ውረዱ!" ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ጋሪና ፍየል ነው እኮ የማየው። የእጁን ትዕይንት ብትቆርጠው ቀሪው የኔ እንጦጦ ነው። ቆንጆ፣ ረጅም፣ ባዶ።

የዚህ ፊልም ነገር ሌላም ጣጣ አለው። ስቱዲዮው ይህ ትዕይንት ላይ የተዋንያኑን ስም ዝርዝርና የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃ ጫነበት። ዌልስ 58 ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ስለ ፊልሙ ብዙ ነገር ለመነ። ያኔ ብዙም የሰማው አልነበረም። በ1998 ዋልተር መርች ማስታወሻውን ይዞ ፊልሙን እንደገና አርትኦት ሲሠራለት ጽሑፉ ተነሳ። በሙዚቃው ፋንታ ከየመጠጥ ቤቱና ከየመኪናው ሬዲዮ የሚወጣው ድምፅ ገባ። ሁለቱንም አየሁ። በመጀመሪያው ዓይኔ ስም እያነበበ ፈንጂውን ለአፍታ ይረሳዋል። ዋሽንቴ ትዝ አለኝ። የጎደለ ነገር ስላለ ነበር የጫንኩት፣ እውነቱ ይሄ ነው።

ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን ነገር ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንስዋ ትሩፎ ሲያስረዳ በሁለት ቁጥር ነው የጨረሰው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተራ ወሬ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ፈንጂ አለ። ተመልካቹ ካላወቀ ሲፈነዳ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል። አስቀድሞ ካወቀ ግን ለ15 ደቂቃ ሲጨነቅ ይቆያል፣ ያ ተራ ወሬም ራሱ ያስጨንቀዋል። እኔ 15 ሰከንዷን መርጬ ነበር። እሷንም ፈንዲሻ በላት።

ሂችኮክ ካነሳሁ አይቀር፣ በ1960 "ሳይኮ" ሲወጣ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ሰው እንዳይገባ አስከልክሎ ነበር። እኛ ጋ ቢሆን አዳራሹ ግማሹ ባዶ ይቀር ነበር። እኛ እኮ ፊልሙ ተጀምሮ በሞባይል መብራት ወንበር የምንፈልግ፣ "ይቅርታ፣ አሳልፉኝ" እያልን የሰው እግር የምንረግጥ፣ ተቀምጠንም "ምን አመለጠኝ?" የምንል ሰዎች ነን። ጥያቄው ግን ልክ ነው። ያመለጠ ነገር እንዳለ እናውቃለን።

ቡና ያልጠራው ሰውዬ

ፈንጂ የግድ ነው እንዴ? ይሄ ጥያቄ ሁለት ቀን ያዘኝ። ወንጀል ለማልሠራ፣ መኪና ለማላፈነዳ ሰው ምን ይረባኛል?

"ዘ ጎድፋዘር" አጀማመሩ ላይ ፈንጂ የለም። በ1972 የወጣው ይህ ፊልም በጨለማ ይጀምራል። መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ የአንድ ሰው ፊት። ቀብር አስፈጻሚ ነው። ሁለት ወጣቶች ሴት ልጁን ደብድበውበታል። ፍርድ ቤት ሄደ፣ ልጆቹ በዚያው ቀን ነፃ ወጡ። ካሜራው በጣም ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰውዬው ያወራል፣ ያለቅሳል። ለማን እንደሚያወራ አናይም። ብዙ ቆይተን ነው ከፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው ጀርባና እጅ ብቅ የሚለው።

እዚህ ቤት ያደገ ሰው ይህን ትዕይንት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ደጅ ጠኚ ነው። ባለሥልጣን ፊት ቆሞ፣ ባርኔጣውን ይዞ፣ ነገሩን ከየት እንደሚጀምር የጨነቀው። ዶኑ፣ የማፊያው አለቃ፣ የመለሰለት ደግሞ ይበልጥ የእኛ ነው። ቤትህ ቡና ጠጣ ብለህ የጠራኸኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም ይለዋል። ሚስቴ ለልጅህ ክርስትና እናት ሆና ሳለ! እማማ ቢሰሙት "እውነቱን ነው" ይሉ ነበር። ይህ አባባል ከሽጉጥ የባሰ ያስፈራል። ሰውዬው የጠየቀውን ያገኝ ይሆን? ካገኘስ በምን ይከፍላል? እነዚህን ጥያቄዎች ተሸክመን ነው ወደ ውጭ የምንወጣው።

ውጭ ሰርግ ነው። ፀሐይ፣ ሙዚቃ፣ ሕዝብ፣ ጭፈራ። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ራሱ እንደተናገረው በመጀመሪያው ረቂቅ ፊልሙ የሚጀምረው በዚህ ሰርግ ነበር። ያነበበለት ጓደኛው ነው ሌላ አጀማመር እንዲፈልግ የጎተጎተው። እስቲ በሰርጉ ጀመረ እንበል። ሁለት መቶ ሰው ሲጨፍር ልናይ ነው። ማን ቤት ነው የመጣነው? አሁን ግን ከዚያ ጨለማ ክፍል ስንወጣ እያንዳንዱን ተጋባዥ "ይሄስ ምን ሊለምን መጣ?" እያልን ነው የምናየው።

ስለዚህ ፍጥነት አይደለም ጉዳዩ። ይሄ ትዕይንት እኮ ቀርፋፋ ነው። ድምፁም ዝቅተኛ ነው። የሚይዘን አንድ ሰው ሊያጣው የማይችለው ነገር ስላለው ነው፣ እኛም ያንን ስለሰማን።

ሚዛኑ

"ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ይላሉ። እኛ ግን ድስቱን አወረድነው። አንድ ቀን ብቻ እንቀርጻለን አልኩ። ካሜራ የያዘው ልጅ የእንጦጦው ቀረጻ ከፊልሙ ተቆርጦ እንደሚወጣ ሲሰማ አንድ ሳምንት አኮረፈኝ። አልፈርድበትም፣ እጁ በብርድ ደንዝዞ የቀረጸው ነው።

ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ለምነን ገባን። ሐብሉ አርቴፊሻል ነው፤ ባለ ሱቁ ገና ሲያየው ሳቀ። "ይሄንን በሚዛን ላይ ሳደርግ ደንበኛ ቢያይ ምን ይለኛል?" አለን። በኋላ ግን ራሱ ቢሠራው እንደሚሻል ተስማማን። ስክሪፕቱ ላይ የጻፍኩለት "ስንት ግራም ነው?" የሚል ነበር። እሱ ሐብሉን አንስቶ፣ መቆለፊያውን በጥፍሩ ከፈት አደረገና ልጁን ቀና ብሎ አየው። "የማን ነው?" አለው።

ያልተጻፈ ነገር ነው። የልማዱን ነው የጠየቀው። ተዋናዩ ደነገጠ። ምራቁን ዋጠና "የኔ" አለ። ባለ ሱቁ ሌላ አልጨመረም። ሐብሉን ሚዛኑ ላይ ጣለው፤ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ብሎ ቆመ።

ፊልሙ አሁን እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። እጅ፣ ሐብል፣ "የማን ነው?"፣ "የኔ"፣ ሚዛን። ቀጥሎ እናት መስታወት ፊት ቆማ የሰርጉን ቀሚስ ትለካለች። እጇን ባዶ አንገቷ ላይ ታደርጋለች። "ሐብሌን እሁድ ነው የማወጣው" ትላለች ለእህቷ። "አሁን ካወጣሁት ዓይን ይገባዋል።" ሁለቱም ተደምረው 50 ሰከንድ አይሞሉም። የጥርስ ቡሩሹን ግን አልቆረጥኩትም። ልጁ ጥርሱን ሲቦርሽ እናቱ ከኋላው ስታልፍ አለ። ያው ቀረጻ ነው፣ አንድ ፍሬም አልተነካም። አሁን ሳየው ልጁ መስታወቱ ውስጥ እሷን ሸሽቶ የሚቦርሽ ይመስላል። እንዲህ አድርግ ብዬው አልነበረም።

እሁድ ከሰዓት እማማ ቤት ወሰድኩላቸው። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ጀበናው እሳት ላይ ነው። "ደግሞ ያንኑ ልታሳየኝ ነው?" አሉኝ። "የተለወጠ ነገር አለው" አልኳቸው። "የማን ነው?" የሚለው ላይ ጭልፋ ይዘው ቆሙ። እናት አንገቷን ስትነካ "ውይ" አሉ፣ ለራሳቸው። ልጁ ቁርስ ላይ "እግዚአብሔር ይመስገን" ሲል "አፈር ብላ!" አሉት። ያችን ቃል ለማግኘት ስንት ወር ነው የደከምኩት!

14ኛው ደቂቃ አሁን 12ኛ ሆኗል። እናት ወደ ሳጥኑ ስትሄድ እማማ ከበርጩማቸው ተነሱ። "ተይ! ተይ አትክፈቺው! ሰርጉ ይለፍ!" ጀበናው ገነፈለ። እናቴ ሮጣ አነሳችው፣ እሳቸው አላዩም።

ሲያልቅ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና ልጁ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ትንሽ አኩርፈው ሲኒ ማጠብ ጀመሩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

"ስማ እስቲ፣ ያ ተራራ ላይ ያነሳችሁት የት ገባ?"

"አወጣነው እማማ።"

"ምን ነካህ? የኛ ቤት ቆርቆሮ ይታይ ነበር እኮ!"